ልጁ ያደረው የት ነው? ልጅዎን ሌላ ሰው ታክሱ ላይ ሲያስገባው

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ታክሳቸውን በሚያሠሩበት ወቅት፣ ማለትም ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ባሉት ሳምንታት፣ በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ እሮሮ አለ፤ «ልጄን ሌላ ሰው ታክሱ ላይ አስገባብኝ» የሚል። የማውቃት አንዲት እናት ይህ እንደደረሰባት የተረዳችው በፌብሩዋሪ አንድ ማታ ነው። ከሥራ ገብታ ልጇን ካስተኛች በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ታክሷን ሞላችና ላከች። ገና ሳትተኛ በኢሜይል የመጣላት መልስ ግን ቅጹ ተቀባይነት እንዳላገኘና የልጇ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሌላ ሰው ቅጽ ላይ አስቀድሞ እንደገባ የሚገልጽ ነበር። ልጁ ያን ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ተኝቷል። በዚያ ዓመት ከእሷ ተለይቶ ያደረባቸው ሌሊቶች ቢቆጠሩ ሃያ አይሞሉም። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ብዙዎች የሚያደርጉትን ነው፤ ልጇን ከቅጹ ላይ ሰርዛ መልሳ ላከችው፤ በዚህኛው ጊዜ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበሏት።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሁለተኛው ቅጽ ነው። የአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም አይአርኤስ የምንለው፣ በኢንተርኔት የሚላክለትን ቅጽ መጀመሪያ የሚያሳየው ለሠራተኛ ሳይሆን ለኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የልጁን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፤ ቁጥሩ ለዚያው ዓመት በሌላ ቅጽ ላይ ገብቶ ካገኘው ሁለተኛውን ይመልሳል። ልጁን ማን እንደወለደው፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ የት እንደሚኖር አይጠይቅም። ስለዚህ የመጣው መልእክት የሚነግረን ሌላው ሰው ቀድሞ መላኩን ብቻ ነው። በአሜሪካ የታክስ ሕግ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የላከ ልጁን ይወስዳል የሚል አንድም አንቀጽ የለም። ያቺ እናት ልጇን ስትሰርዝ ማንም ያልፈረደባትን ፍርድ በገዛ እጇ ፈጸመችው።

በዚያ አንድ ስረዛ የሚጠፋው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ2025፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ 28,000 ዶላር ደመወዝ ያገኘች፣ ያላገባች፣ የቤቷን ወጪ ራሷ የምትሸፍንና አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያላት እናት እንውሰድ። ልጁ ቅጿ ላይ ሲኖር ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ በሚባለው መደብ ስለምትሞላ ከገቢዋ 23,625 ዶላሩ ታክስ አይታሰብበትም፤ ልጅ ላለው ሰው ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው፣ እስከ 2,200 ዶላር የሚደርሰው ቻይልድ ታክስ ክሬዲት ይታሰብላታል፤ በዝቅተኛ ደመወዝ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሰጠው ኧርንድ ኢንከም ክሬዲት ደግሞ ወደ 3,585 ዶላር ይሆንላታል። ሁሉም ተደምሮና ተቀንሶ፣ ከደመወዟ በየጊዜው የተቆረጠው ታክስ ሳይቆጠር፣ ወደ 5,285 ዶላር ይመለስላታል። ልጁ ከቅጹ ሲወጣ ግን በሲንግል መደብ ትሞላለች፤ ታክስ የማይታሰብበት ገቢዋ ወደ 15,750 ዶላር ይወርዳል፤ ሁለቱም ክሬዲቶች ይጠፋሉ፤ ጭራሽ ወደ 1,230 ዶላር ታክስ ይታሰብባታል። ልዩነቱ ከ6,500 ዶላር ያልፋል። ለዚያች ሴት ይህ የሦስት ወር ደመወዝ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገንዘብ ነው። «ለትንሽ ገንዘብ ብዬ ከሰው ጋር አልካሰስም» የሚሉ እናቶችን በሰማሁ ቁጥር ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አስቀምጬ ላሳያቸው እወዳለሁ።

እንግዲህ ሕጉ ልጁን ለማን ይሰጣል? ጥገኛ ወይም በተለምዶ ዲፔንደንት የሚባለው ልጅ ከሚያስገባው ሰው ጋር በሕጉ የተዘረዘረ ዝምድና ሊኖረው ይገባል፤ ዕድሜው ከ19 ዓመት በታች፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነም ከ24 በታች መሆን አለበት፤ ሙሉ በሙሉ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ልጅ ግን የዕድሜ ገደብ የለም። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ከዚያ ሰው ጋር የኖረ መሆን አለበት፤ ከመተዳደሪያውም ከግማሽ በላዩን ራሱ የቻለ መሆን የለበትም። ለቻይልድ ታክስ ክሬዲት ብቻ የዕድሜው ጣሪያ ዝቅ ብሎ ከ17 በታች ይሆናል።

ዝምድና የሚለው መመዘኛ በእኛ ዘንድ ብዙ ግራ መጋባት ይፈጥራል፤ የእኛ የዝምድና ቃልና የአሜሪካ ሕግ ዝርዝር አይገጣጠሙምና። ሕጉ የሚቀበለው የራስን ልጅ፣ የትዳር ጓደኛን ልጅ፣ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው ድርጅት በኩል ለአሳዳጊነት የተሰጠን ልጅ፣ ወንድምንና እህትን፣ የእነዚህን ሁሉ ልጆችና የልጅ ልጆች ነው። የእህት ልጅ ይገባል፤ የልጅ ልጅም ይገባል። እኛ ወንድሜ ብለን የምንጠራው የአጎት ልጅ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ልጁም የለም። ክርስትና አባት ቢሆኑ፣ ከአገር ቤት ያመጡት የጓደኛዎ ልጅ ቢሆን፣ «እኔ ነኝ ያሳደግሁት» ማለት በሕሊና ፊት ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ መመዘኛ ፊት ግን አይበቃም። ልጁ ዓመቱን በሙሉ ቤትዎ ኖሮ እርስዎ ካስተዳደሩትና የሌላ ሰው ጥገኛ ልጅ ካልሆነ፣ በሌላ መንገድ 500 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ክሬዲት ሊገኝበት ይችላል። ያም ቢሆን ከቻይልድ ታክስ ክሬዲትና ከኧርንድ ኢንከም ክሬዲት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አብዛኛው ውዝግብ ግን የሚነሣው ከዝምድና አይደለም፤ ተለያይተው በሚኖሩ እናትና አባት መካከል ነው። አባትየው «በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ይከፍላል። ሆኖም ቻይልድ ሰፖርት መክፈል በራሱ ልጁን ታክስ ላይ የማስገባት መብት አይሰጥም። ሕጉ የሚጠይቀው ልጁ ያደረው የት እንደሆነ ነው። በዓመቱ ውስጥ ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረበት ቤት ባለቤት የሆነው ወላጅ በሕጉ አሳዳጊ ወላጅ ይባላል፤ በመደበኛ ዓመት 183 ሌሊት ከግማሽ ያልፋል ማለት ነው። ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ ገቢው ከፍ ያለው ወላጅ ይቀድማል። ልጁ ለክረምት አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ሁለት ወር ቢከርም፣ ወይም ሆስፒታል ቢተኛ፣ ያ ጊዜያዊ መለየት ስለሆነ ከእናቱ ጋር እንደኖረ ይቆጠርለታል።

የሌሊት ቆጠራው አንድ ተለይቶ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በፓርኪንግ፣ በሆቴል፣ በታክሲና በኡበር። እናቲቱ ሌሊት ስለምትሠራ ልጁ በአባቱ ቤት የሚያድር፣ ቀን ቀን ግን ከእሷ ጋር የሚውል ከሆነ በሌሊት ቆጠራ ትሸነፋለች ብላ ልትፈራ ትችላለች። ደንቡ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ በሌሊት ሥራ ምክንያት ልጁ ከአንደኛው ወላጅ ጋር የሚያሳልፈው ከሌሊት ይልቅ ቀን ከሆነ፣ ብዙ ቀን ከልጁ ጋር የዋለው ወላጅ አሳዳጊ ተብሎ ይቆጠራል፤ በትምህርት ቀናትም ልጁ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ዋና መኖሪያው ተብሎ በተጻፈው አድራሻ እንደኖረ ይወሰዳል። ልጅን ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ የምንጽፈው አድራሻ ከሁለት ዓመት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ማን ያስባል?

አለመግባባት ሲነሣ የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ሽማግሌዎች «አንድ ዓመት አንተ፣ አንድ ዓመት አንቺ» ብለው ያስማማሉ፤ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ወረቀት ግን አይጻፍም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አንዱ ተራውን ይረሳል ወይም ይክዳል። አይአርኤስ የሽማግሌን ቃል አያውቅም። ከ2008 በኋላ የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ እንኳ ብቻውን አይበቃውም። አሳዳጊው ወላጅ ልጁን ለሌላው ወላጅ ሊለቅ የሚችለው ቅጽ 8332ን ሞልቶ በመፈረም ሲሆን፣ ሌላው ወላጅ ያንን ቅጽ ከታክሱ ጋር ማያያዝ አለበት። ይህ ላልተጋቡ ወላጆችም ይሠራል። ያለዚህ ፊርማ አባትየው የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጁ ቢኖረውም አይአርኤስ ልጁን አይቀበለውም፤ መብቱን ማስከበር የሚችለው ውሳኔውን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ተመልሶ ነው። በሌላ በኩል፣ ፍርድ ቤት ፈርሚ ያላት እናት አልፈርምም ብትል በዚያው ፍርድ ቤት ልትጠየቅ ትችላለች።

ብዙዎች የማያውቁት፣ ለሽማግሌዎችም እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ቅጽ 8332 ወደ ሌላው ወላጅ የሚያሻግረው ቻይልድ ታክስ ክሬዲትን ነው። ኧርንድ ኢንከም ክሬዲት፣ የሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መደብና ለሕፃናት መዋያ የሚከፈለው ወጪ የሚያስገኘው ክሬዲት ግን ልጁ ከሚኖርበት ቤት አይወጡም፤ እናቲቱ ብትፈርምም መመዘኛውን እስካሟላች ድረስ የእሷ ናቸው። አባትየው ያለ ቅጹ «ተራዬ ነው» ብሎ ሁሉንም ሲወስድ የሚፈጸመው በደል፣ በቅጹ ቢሆን ሁለቱም የየድርሻቸውን የሚያገኙበት ስምምነት ይሆን ነበር። ስለዚህ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ቅጽ 8332ን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ቅጹ ላይ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚፈረምበትና ለወደፊት ዓመታት የሚፈረምበት ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ መፈረም ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። የወደፊቱን በሙሉ ፈርሞ መሻር ቢቻልም፣ ሽረቱ የሚጸናው ሌላው ወላጅ ከተነገረበት ቀጥሎ ካለው ዓመት ጀምሮ ነው።

እናትና ልጅ በአጎት ወይም በአያት ቤት ተጠግተው ሲኖሩ ሁኔታው ይለያል። ልጁ ለሁለቱም መመዘኛውን ሊያሟላ ይችላል። እናቲቱ ራሷ ካላስገባችውና የአጎትየው ገቢ ከእሷ የሚበልጥ ከሆነ አጎት ልጁን በሕጋዊ መንገድ ማስገባት ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን በስምምነት ያደርጋል፤ ነውርም የለበትም። ሁለቱም ካስገቡት ግን ወላጅ ወላጅ ካልሆነው ይቀድማል። «ቤቴ ውስጥ ነው የሚኖሩት» ብሎ ሳያማክር ያስገባ ዘመድ በሕጉ ፊት ተሸናፊ ነው።

አሁን ወደዚያች ማታ እንመለስ። ቅጹ ሲመለስባት እናቲቱ ማድረግ የነበረባት ልጇን ሳታወጣ ያንኑ ቅጽ መልሶ መላክ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ይህ የሚቻለው ቅጹን አትሞ፣ ፈርሞ፣ በፖስታ በመላክ ብቻ ነበር፤ ለብዙ ወራትም ያስጠብቅ ነበር። ከ2025 የታክስ ወቅት ጀምሮ ግን አይአርኤስ አሠራሩን ቀይሯል። ሁለተኛዋ አመልካች አይፒ ፒን የሚባለውን ባለ ስድስት አሃዝ የምስጢር ቁጥር ቅጿ ላይ ካስገባች፣ ልጁ በሌላ ሰው ቀድሞ ገብቶም ቢሆን ቅጹን በኢንተርኔት ይቀበላታል። ቁጥሩ የሚገኘው በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ የግል አካውንት በመክፈትና በመታወቂያ ማንነትን በማረጋገጥ ነው፤ በየዓመቱም ይለወጣል። ይህን ቁጥር ቅጹን ስንልክ ለፊርማ ምትክ ከምንጽፈው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ጋር ማምታታት አይገባም፤ ያኛው እኛው የምንመርጠው ነው፣ ይኸኛው ግን ከአይአርኤስ የሚሰጥ ነው። በኢንተርኔት ማንነቷን ማረጋገጥ ያልቻለች እናት የወረቀቱ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው፤ በፖስታ ስትልክ ግን መላኳን የሚያሳይ ደረሰኝ ብትይዝ ይሻላታል። ልጇን አውጥታ የላከችም ብትሆን ጨርሶ አልመሸባትም፤ በቅጽ 1040-ኤክስ አስተካክላ ማስገባት ትችላለች፤ ተመላሽ ለመጠየቅም በአጠቃላይ ቅጹን ካስገባችበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት አላት።

ሁለት ቅጾች አንድ ልጅ ይዘው ሲገኙ ቀጥሎ የሚሆነው እንደ ሁኔታው ይለያያል። አንዳንድ ጊዜ ገንዘቡ ይለቀቅና ከወራት በኋላ ሲፒ87ኤ የተባለ ደብዳቤ ለሁለቱም ይላካል። ደብዳቤው ሌላ ሰው ይህንኑ ልጅ እንዳስገባ ይናገራል፤ ተሳስቶ ያስገባው በ1040-ኤክስ እንዲያርም ይጠይቃል፤ መብቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ግን መልስ መስጠት አያስፈልገውም። ይህን ደብዳቤ ያዩ ብዙ እናቶች ደንግጠው የራሳቸውን ቅጽ ያርማሉ። አይደረግም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተመላሹ ይያዝና ከሁለቱ ወገኖች ማስረጃ የሚጠየቅበት ኦዲት ይከፈታል። በየትኛውም ሁኔታ አይአርኤስ ልጁን ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ አይነግርም፤ የታክስ መረጃ በሕግ ምስጢር ነውና። «ስሙን ካልነገራችሁኝ» ብሎ በስልክ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ደግሞም አያስፈልግም፤ የሚረጋገጠው የሌላው ሰው ጥፋት ሳይሆን ልጁ የት እንደኖረ ነው።

ማስረጃው የቱ እንደሆነ በዝርዝር መነገር ያለበት ነው፤ ጉዳዩ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነውና። ኦዲቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዝምድናንና አብሮ መኖርን። አብሮ መኖርን የሚያስረዳው ወረቀት የልጁንና የወላጁን ስም፣ የጋራ አድራሻቸውንና ቀኖቹን የያዘ፣ ማኅተም ወይም የመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈ መሆን አለበት። የትምህርት ቤት፣ የሐኪም ቤት፣ የሕፃናት መዋያ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ደብዳቤ ይሠራል። የአምልኮ ቦታ ደብዳቤም ተቀባይነት አለው፤ ልጁ በየሳምንቱ የሚማርበት ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ በእንግሊዝኛ አስተካክሎ የጻፈው ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር ሊገባ ይችላል። ደብዳቤው ስለ ዛሬ ሳይሆን ስለዚያ የታክስ ዓመት መናገር አለበት። የትምህርት ዘመን ከመጸው እስከ ሰኔ እንደሚሄድ፣ የታክስ ዓመት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እንደሆነ አንዘንጋ፤ ከግማሽ ዓመት በላዩን ለመሸፈን ብዙ ጊዜ የሁለት የትምህርት ዘመን ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ዝምድናን በማስረዳት ረገድ ደግሞ የእኛ ስም አጠራር የራሱን ችግር ያመጣል። በአሜሪካ ልማድ ልጅ የቤተሰብ ስም ይወርሳል፤ የእኛ ልጅ ግን የአባቱን ስም ይይዛል፣ እናቲቱም የራሷን አባት ስም። ስለዚህ እናትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በወረቀት ላይ አንድም የጋራ ስም የላቸውም፤ ልጁን ያስገባው አባት ግን ስሙ ከልጁ ስም ጋር ይገጥማል። ፋይሉን የሚያይ ባለሙያ ይህን ልማድ ያውቃል ተብሎ አይታሰብም። የእናቲቱ ስም ያለበት የልደት የምስክር ወረቀት ከመጀመሪያው ፖስታ ጋር መግባት አለበት። ልጁ ኢትዮጵያ የተወለደ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ይያያዝ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት መንገድና በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ካለም ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር መመሳከር አለበት። እህቷ የልጁ አክስት «ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው» ብላ የጻፈችው ደብዳቤ ግን ያለ ሌላ ማስረጃ ክብደት የለውም።

ከአይአርኤስ የመጣ ደብዳቤ ቀን አለው፤ ኦዲቱን የሚከፍተው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል። ነገሩ ካልተፈታና አይአርኤስ ልጁን ሊከለክል ከወሰነ የመጨረሻ ማስታወቂያ ይልካል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል፤ የማመልከቻው ክፍያ 60 ዶላር ነው። ያቺ 90 ቀን አትራዘምም። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ደግሞ በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠሩ የዝቅተኛ ገቢ ታክስ ከፋዮች የሕግ ክሊኒኮች አሉ፤ በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ በኦዲትም በፍርድ ቤትም ይቆማሉ፤ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ያልሆነ ሰዎችን መርዳትም አንዱ የተቋቋሙበት ዓላማ ነው። ጉዳዩ ወራት አስቆጥሮ ምላሽ ያጣ ሰው፣ በተለይ ተመላሹ በመያዙ የቤት ኪራይ መክፈል እስኪያቅተው የተቸገረ፣ ታክስፔየር አድቮኬት ለተባለው በአይአርኤስ ውስጥ ራሱን ችሎ ለሚሠራ ክፍል በቅጽ 911 ማመልከት ይችላል።

ልጁን ያለአግባብ ያስገባው ሰው ምን ይጠብቀዋል? የወሰደውን ከነወለዱ ይመልሳል፤ በላዩም 20 በመቶ ቅጣት ሊጨመርበት ይችላል። ደንቡን ችላ ብሎ ያደረገው ከሆነ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት እነዚህን ክሬዲቶች እንዳያገኝ ይታገዳል፤ ለራሱ ልጆች እንኳ ቢሆን። የዜግነት ማመልከቻም ስለ ታክስ ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ልጁን ያስገባው አባት ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው ሳይሆን ያልተነገረው ሰው ስለሆነ ነው። ሲፒ87ኤ ከመድረሱ በፊት ራሱ በ1040-ኤክስ ቢያርም ከሚመጣው ሁሉ የተሻለ ነው፤ ይህንንም ሽማግሌ ቢነግረው ከአይአርኤስ ደብዳቤ ይቀልለታል።

ሆን ብለው የሚያደርጉትም አሉ፤ ስለ እነዚህ ዝም ማለት አልችልም። ለሪፈንድ ማብዣ የማያውቁትን ልጅ በደንበኛቸው ቅጽ ላይ የሚያስገቡ ታክስ ሠሪዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተከስሰው ታስረዋል። በእኛ ሰው ዘንድ ታክስ የሚሠራልን ሰው ብዙ ጊዜ የምናምነው ሰው ነው፤ የልጆቻችንን ሶሻል በቴክስት እንልክለታለን፤ የሠራውን ሳናይ እንፈርማለን። በክፍያ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ከአይአርኤስ የተሰጠው የሠሪ ቁጥር ሊኖረው፣ ስሙንም በቅጹ ላይ ሊፈርም ግዴታው ነው፤ ለልጅ ክሬዲት ሲሞላም ልጁ የት እንደሚኖር ሊጠይቅና መጠየቁን ሊመዘግብ ይገባል። ምንም ሳይጠይቅ «ልጅ ላስገባልህ?» የሚል ሰው ዘንድ ሶሻል መተው አደገኛ ነው። ልጁን ያስገባው ፈጽሞ የማይታወቅ ሰው ነው ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ ቅጽ 14039ን በልጁ ስም ሞልቶ የማንነት ስርቆት መሆኑን ማስታወቅ ይችላል።

ለቀጣዩ ዓመት መከላከያው አንድ ነው። አይፒ ፒን ለልጅም ይወጣል፤ ወላጅ ቅጽ 15227ን ሞልቶ፣ ገቢው በቅጹ ከተጠቀሰው ጣሪያ በታች ከሆነ፣ ወይም ቀጠሮ ይዞ በአይአርኤስ ቢሮ በአካል ቀርቦ ሊጠይቅለት ይችላል። ልጁ ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ያንን ቁጥር ያልያዘ ሰው ልጁን በኢንተርኔት በሚልከው ቅጽ ላይ ማስገባት አይችልም። በቅጽ 8332 የተስማሙ ወላጆች ተራው ለደረሰው ወላጅ የዓመቱን ቁጥር መስጠታቸውን መርሳት የለባቸውም።

ያቺ እናት በመጨረሻ 1040-ኤክስን ሞላች። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ልጁ የትምህርት ቤቱ ተማሪ መሆኑን ብቻ የሚገልጽ፣ የእሷ ስም የሌለበት፣ አድራሻም ቀንም ያልተጻፈበት ነበር። ሁለተኛውን ስታስጽፍ የሚያስፈልገውን በአንዲት ወረቀት ላይ ዘርዝራ ለጸሐፊዋ ሰጠቻት፤ ጸሐፊዋም ከጃንዋሪ እስከ ጁን፣ ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ብላ ስሟንና አድራሻዋን ጽፋ አተመችላት። ከሕፃናት ሐኪሙ የክትባቱን መዝገብ፣ ከአከራይዋ የልጁ ስም ያለበትን ውል ቅጂ አውጥታ በአንድ ፖስታ አኖረች፤ ኦዲት ቢመጣ ፍለጋ እንዳትገባ። ቅጽ 15227ን የሞላችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ልጁ አሁን የራሱ ስድስት አሃዝ አለው።